የላብራቶሪው አንገትና የሆመቾው አንገት

ስለ አንገት የተጻፈ የባዮሜካኒክስ መጽሐፍ ብትከፍቱ አንገት በሦስት መንገድ ይንቀሳቀሳል ይላችኋል፦ ወደፊትና ወደኋላ ይታጠፋል፣ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ግራና ቀኝ ይዞራል። ላብራቶሪ ውስጥ ያለው መፈተሻ ማሽንም የተሠራው ለእነዚህ ለሦስቱ ነው። አሁን መጽሐፉን ዝጉና እስክስታ በደንብ የሚችል ሰው ፈልጉ። ትከሻውን ያዝ አድርጎ ራሱን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ያንሸራትታል። ራሱ አያዘነብልም፣ ፊቱ አይዞርም፣ ዓይኑም እናንተው ላይ ነው። ግን ራሱ ሄዶ ተመልሷል። ይሄ ከሦስቱ የትኛው ነው?

ለብቻው የትኛውም አይደለም። ሃሪሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 «ክሊኒካል ባዮሜካኒክስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ራሳቸውን ወደ ጎን ያንሸራተቱ ሰዎችን በኤክስሬይ አይተዋል። አንገቱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ የታችኞቹ አጥንቶች ራስ ወደሄደበት ጎን ሲያዘነብሉ የላይኞቹ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላሉ። የአንዱ ማዘንበል የሌላውን ስለሚያካክስ ከውጭ ለሚያይ ሰው ራስ ቀጥ እንዳለ የተንሸራተተ ይመስላል። የእስክስታ ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ የመሐንዲሱ ራስ ምታትም እዚሁ ይጀምራል። የተለመደው የላብራቶሪ ፈተና አንገትን እንዲህ አድርጎ ማጠፍ አይችልምና።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ጭፈራ ነው፣ ይቅር» የሚል ይኖራል። ችግሩ ይህ የእባብ ቅርጽ ጭፈራ ላይ ብቻ የሚታይ አለመሆኑ ነው። በሐድያ ዞን የጊቤ ወረዳ ከተማ በሆነችው በሆመቾ መንገድ ዳር ግማሽ ቀን ብትቆሙ ደጋግማችሁ ታዩታላችሁ። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ማሽኑን እንየው፤ ሳያዩ መተቸት ነውር ነው።

ማሽኑ ላይ ያለው አንገት

ፈተናው በአጭሩ እንዲህ ነው። ለሳይንስ ከተለገሰ አስከሬን የአንገት አከርካሪ ይወጣል። ጡንቻው በጥንቃቄ ይገፈፋል፤ አጥንቶቹ፣ በመካከላቸው ያሉት ዲስኮችና የሚያያይዟቸው ጅማቶች ብቻ ይቀራሉ። ናሙናው እስከ ፈተናው ቀን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል። በቀኑ በረዶው ይለቀቅና የታችኛው አጥንት በሚደርቅ ሙጫ ውስጥ ተቀብሮ ጠረጴዛው ላይ ይታሰራል፣ የላይኛው ከማሽኑ ጋር ይያያዛል። ማሽኑ ቀስ እያለ ያጥፈዋል። ካሜራዎች በየአጥንቱ ላይ የተተከለውን ምልክት እየተከተሉ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ይመዘግባሉ።

ለአንገት የሚሰጠው የማጠፊያ ጉልበት (ሞመንት የምንለው) አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ኒውተን ሜትር ነው። ምን ያህል እንደሆነ በእጃችሁ ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ሁለት ሊትር ውሃ የሞላ ጠርሙስ ከአጭር ዱላ ጫፍ ላይ አንጠልጥሉና ከማንጠልጠያው 10 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ዱላውን አግድም ያዙት። የእጃችሁን አንጓ ወደታች ሊያጣምም የሚሞክረው 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው።

የዚህ ፈተና ትልቁ ብልሃት «ንጹሕ ሞመንት» የሚባለው ነው። ማሽኑ አንገቱን አይገፋም፣ አይጫንም፤ ያጥፈዋል ብቻ። እንዲህ ሲሆን ከላይ እስከ ታች ያለው እያንዳንዱ መገጣጠሚያ እኩል ሞመንት ይደርሰዋል። ይህን አሠራር መስመር በማስያዝ ስማቸው በመጀመሪያ የሚነሳው ትውልደ ህንዱ መካኒካል መሐንዲስ ማኖሃር ፓንጃቢ ናቸው። በየል ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል፤ ከቀዶ ሐኪሙ ኦገስተስ ዋይት ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት መጽሐፍም የዘርፉ መነሻ ነው ማለት ይቻላል። «ገለልተኛ ክልል» የሚለው ሐሳብም የእሳቸው ነው። ያረጀ መኪና ነድቶ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይገባዋል፦ ጎማው ሳይዞር መሪው ብቻ ላላ ብሎ የሚንቀሳቀስበት ቦታ አለ አይደል? አንገትም መካከሉ ላይ እንደዚያ ያለ ልል ቦታ አለው። ጅማት ሲጎዳ ያ ልል ቦታ ይሰፋል።

ይህ ፈተና ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምናውቀውን ግማሹን አናውቅም ነበር። አንድ ጅማት ቆርጦ «አሁንስ ስንት ዲግሪ ጨመረ?» ብሎ መጠየቅ በሕይወት ያለ ሰው ላይ አይቻልም። አዲስ አበባም ዙሪክም ቢሠራ ውጤቱን ማወዳደር ይቻላል። ምሕንድስና የተማረ ሰው ይህንን አይንቅም፣ እኔም አልንቅም።

ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ያለው ላይ ነው። ሁሉም መገጣጠሚያ እኩል ሞመንት፣ በአንድ አቅጣጫ ከደረሰው፣ ሁሉም ወደዚያው አቅጣጫ ይታጠፋል። ከላይ ወደ ግራ፣ ከታች ወደ ቀኝ ማለት በዚህ ፈተና አይመጣም። ማለትም የፈተናው ትልቁ ጥቅም፣ ያ እኩልነቱ፣ እንቅስቃሴውን ራሱ መርጦልናል። ማሽኑ «አንገት ምን ያደርጋል?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ይህንን ሳደርግህ ምን ትሆናለህ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ጽሑፎች ላይ ግን «የአንገት ተፈጥሯዊ እንቅስቃሴ» በሚል አንድ ስም ሲጠሩ አያለሁ።

አንድ ኪሎ የማይችል አንገት

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የፓንጃቢ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ውጤት ነው። ጡንቻ የሌለውን የአንገት አከርካሪ አቁመው ከላይ ቀስ በቀስ ቢጭኑት በአማካይ በ10.5 ኒውተን ተልፈሰፈሰ። ይህ የአንድ ኪሎ ስኳር ክብደት ነው። የሰው ራስ ደግሞ ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። በሌላ አነጋገር አጥንቱ፣ ዲስኩና ጅማቱ ብቻቸውን የራሳቸውን ራስ አንድ አራተኛ እንኳ መሸከም አይችሉም። አንገታችሁን ያቆመው ጡንቻ ነው፤ ላብራቶሪው መጀመሪያ ገፎ የጣለው።

ተመራማሪዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ፓትዋርድሃንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ብልህ መላ አሳዩ። ገመድ ከላይኛው አጥንት አስረው በአንገቱ ጉብጠት ልክ በየአጥንቱ ጎን እያሳለፉ ወደታች ሳቡት። መቁጠሪያ አስቡ፦ ክሩ ሲላላ ዶቃዎቹ ይንጠለጠላሉ፣ ክሩን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትስቡት ግን እንደ ዱላ ይቆማል። በዚህ መንገድ ያው ደካማ አንገት 250 ኒውተን ተጭኖበት ሳይወድቅ ቆመ። ከአንድ ኪሎ ወደ 25 ኪሎ ማለት ነው።

መላው ድንቅ ነው። ግን ጡንቻ አይደለም። የእኛ የአንገት ጡንቻዎች ብዙ ጥንዶች ናቸው፤ አንዳንዱ ከአጥንት ወደ ጎረቤቱ አጥንት፣ አንዳንዱ ከራስ ቅል እስከ ጀርባ ይዘረጋል፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይላላል፣ በየቅጽበቱም ይለዋወጣሉ። ገመዱ ግን ያው አንድ ጉልበት ነው። ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ለሚያይ ሰው ምናልባት ይበቃል። እስክስታ የሚመታ ሰው አንገት ውስጥ ገመዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚነግረኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

እዚህ ላይ እኔና መሰሎቼ ስለምንሠራው ነገር ትንሽ ልናገር። ኮምፒውተር ላይ የአንገት ሞዴል እንሠራለን፤ አጥንቱን በሺዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ ቁራጮች ከፍለን እያንዳንዱ ላይ የሚደርሰውን ጫና እናሰላለን። ሞዴሉ ትክክል መሆኑን እንዴት እናረጋግጣለን? ውጤቱን ከአስከሬን ፈተና ውጤት ጋር እናወዳድራለን፤ ብዙ ሰው የሚጠቀመው የፓንጃቢን ቡድን የ2001 (እ.ኤ.አ.) ኩርባዎች ነው። ከገጠመ «ሞዴሉ ተረጋግጧል» እንላለን። ከዚያ በዚያው ሞዴል ስለ ሕያው ሰው እንናገራለን፦ ሸክም፣ አደጋ፣ የሥራ አቀማመጥ። አስተውሉ፤ የተረጋገጠው ሞዴሉ ጡንቻ የሌለውን አንገት በትክክል መምሰሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ተስፋ ነው። «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል ከፈተናው አልፎ ሲሄድ ማንም ኬላ ላይ አያስቆመውም።

10 ሚሊዮን ጊዜ እሺ ማለት

ጉዳዩ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። የተጎዳ የአንገት ዲስክ ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ዲስክ ይገባል። ይህ ዕቃ ከመሸጡ በፊት የመፋፋቅ ፈተና ያልፋል፤ ደንቡ አይኤስኦ 18192 ክፍል 1 ይባላል። ዕቃው በ37 ዲግሪ የጥጃ ደም ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ወደፊትና ወደኋላ 7.5 ዲግሪ፣ ወደ ጎን 6 ዲግሪ፣ በዙረት 4 ዲግሪ ይንቀሳቀሳል፤ ጭነቱ ከ50 እስከ 150 ኒውተን ይወጣል ይወርዳል። በሴኮንድ አንድ ዑደት፣ በጠቅላላው 10 ሚሊዮን ዑደት። አስሉት፤ ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት ወደ 116 ቀን ነው። ማሽኑ አራት ወር ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ዓይነት «እሺ» ሲል ይከርማል።

እንዲህ ያለ የማይሰለች ማሽን ክፉ አይደለም። ለዕቃው እንዲያውም ጨካኝ ፈተና ሊሆን ይችላል፣ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያደርጋቸው አብዛኞቹ የአንገት እንቅስቃሴዎች በጣም ትንንሽ ናቸውና። እኔን የሚያሳስበኝ የእንቅስቃሴው ብዛት ሳይሆን ጭነቱ ነው፤ 150 ኒውተን የማን አንገት ነው?

የማን አንገት እንደሆነ ፍንጭ የሚሰጥ ጥናት አለ። ባይብልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 አሥራ አምስት የዕለት ተዕለት ተግባራትን መርጠው ሰዎች ስንት ዲግሪ አንገታቸውን እንደሚጠቀሙ ለኩ። ካልሲ መልበስ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ ማንበብ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ መላጨት... ከሁሉም ብዙ አንገት የጠየቀው መኪና ወደኋላ መንዳት ሆነ፤ ሰው መዞር ከሚችለው ከ90 በመቶ በላይ ዙረት ወሰደ። ጥሩ ጥናት ነው፤ ላብራቶሪው ከሚያደርገው ይልቅ ሰው የሚያደርገውን መጠየቁ ራሱ ትልቅ እርምጃ ነው። ዝርዝሩን ግን ሆመቾ ወስዳችሁ አንብቡት። መኪና ወደኋላ የሚነዳው ስንት ሰው ነው? ውሃ የሚቀዳውስ? ዝርዝሩ ውስጥ ጀሪካን የለም። እንሰት የለም። ኩንታል የለም።

እንሰት፣ ጀሪካን፣ ኩንታል

እንሰት ስትፋቅ አይታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ላላያችሁ ልግለጽ። ሴቲቱ መሬት ላይ ትቀመጣለች። የእንሰቱ ቅርፊት ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ይጋደማል፣ በአንድ እግሯ ከላይ ትይዘዋለች፣ በሁለት እጇ መፋቂያውን ይዛ ወደታች ትፍቃለች። ዓይኗ ከሥራው አይነሳም። አንገቷ ሰዓታት ወደፊት እንደታጠፈ ይቆያል፤ በየፍቁ ራሷ ትንሽ ትንሽ ይነቀነቃል።

አሁን የጀርባ ወረቀት ላይ የምትሠራ ሂሳብ እንሥራ። ራስ 5 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 50 ኒውተን። አጎንብሳ ስትሠራ የራሷ ክብደት ከአንገቷ ሥር 10 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ወጥቷል እንበል። 50 ሲባዛ በ0.10፣ 5 ኒውተን ሜትር። ከላብራቶሪው 2 ኒውተን ሜትር ጋር አወዳድሩት፤ ገና ምንም ሳትሸከም ከእጥፍ በላይ ነው። ይህን የሚይዘው የማጅራት ጡንቻ ነው። ጡንቻው ከመገጣጠሚያው 4 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢስብ 125 ኒውተን መሳብ አለበት። ያ ስበት በሙሉ ዲስኩን ይጫነዋል። የራሷ ክብደት ከፊሉ ሲጨመርበት የደንቡን ጣሪያ፣ 150 ኒውተንን፣ ያልፋል። ቁጥሮቹን ትንሽ ብትቀያይሩ መልሱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መልእክቱ ግን አይለወጥም፦ ደንቡ «ከፍተኛ» ያለው ጭነት ለእሷ የሥራ ቀን መካከለኛው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጡንቻው ሞመንቱን ስለሚያጣፋው አከርካሪው የሚሰማው በዋናነት ጫና እንጂ ማጠፍ አይደለም። ማሽኑ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ማጠፍ አለ፣ ጫና የለም። ሁለቱ አንድ ዓይነት ዲግሪ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ዲስኩ ውስጥ የሚሆነው ግን ለየቅል ነው።

ጀሪካን ደግሞ አለ። ሃያ ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። በራስ የሚሸከም ሰው ቢሆን ከራሱ ጋር 25 ኪሎ፣ 250 ኒውተን ገደማ፣ ጡንቻው የሚጨምረውን ሳንቆጥር። በእኛ አገር ግን ሴቶች ውሃ በብዛት የሚሸከሙት በጀርባ ነው፤ ገመዱ ደረትና ትከሻ ላይ ያልፋል። ሰው በጀርባው ሲሸከም ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደፊት ያዘነብላል። ግን መንገዱን ማየት አለበት፣ ስለዚህ አገጩን ቀና ያደርጋል። የአንገቱ የታችኛው ክፍል ወደፊት ታጥፏል፣ የላይኛው ወደኋላ። ያው የእባቡ ቅርጽ፣ ከጎን በኩል ስታዩት! እስክስታው ወደ ጎን ያደረገውን ውሃ የተሸከመችው ልጅ ወደፊት አድርጋዋለች፤ እሷ ላይ ግን ከሁለት ሰኮንድ በኋላ አያበቃም፣ እስከ ቤት ይዘልቃል።

ኩንታል የሚሸከሙት ጫኝና አውራጆችስ? ጆንያው ትከሻና ማጅራት ላይ ያርፋል፣ ራስ ወደፊት ይገፋል፣ በዚያ ላይ መዞር አይቻልም። ይህን አቀማመጥ የሚመስል ፈተና ማሽኑ ላይ እንዴት እንደሚገጠም አስቤ አስቤ፣ የመደበኛው ፈተና መያዣዎች እንደማይበቁ ብቻ ነው የገባኝ።

ስለ አፍሪካ ሸክም የተሠራ ዝነኛ ጥናት የለም እንዴ? አለ። ማሎይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የኬንያ ሉኦና ኪኩዩ ሴቶች የሰውነታቸውን ክብደት እስከ 20 በመቶ ድረስ ተጨማሪ ጉልበት ሳያወጡ በራሳቸው እንደሚሸከሙ ጻፉ። ዓለም ተገረመ። በ2010 ደግሞ ሎይድና ባልደረቦቹ በደቡብ አፍሪካ የኾሳ ሴቶች ላይ ሲሞክሩት ነጻ ሸክም የሚባል ነገር በአጠቃላይ አላገኙም። ክርክሩ ደስ ይላል፤ ግን ሁለቱም የለኩት ሰዎቹ የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ነው። ሳንባ ተጠየቀ፣ አንገት አልተጠየቀም። አንገትን የጠየቁት ኤቻሪና ፎሪዮል ናቸው፤ በ2002 በኮንጎ እንጨት የሚሸከሙ ሰዎችን አንገት በኤክስሬይ አይተው ከማይሸከሙት ይልቅ ያረጀና የተፋፋቀ ሆኖ አገኙት። ይህም ግን የቆመ ፎቶ ነው፤ ጉዳቱን ያሳያል፣ በየትኛው እንቅስቃሴ እንደመጣ አይናገርም።

(አንድ ነገር ሁሌ ፈገግ ያሰኘኛል። የዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ደብረ ዘይት ላይ የበሬን ጉልበት ሲያጠኑ መለኪያቸውን ይዘው ማሳ ወርደዋል። በሬውን ላብራቶሪ አላስገቡትም።)

ሲጋጭ ግን ማሽኑ ይበልጣል

ላብራቶሪው ሁሌ ይሸነፋል ብላችሁ እንዳትወስዱት። መኪናችሁ ቆሞ ሳለ ከኋላ ሲገጭ የመቀመጫው ጀርባ ደረታችሁን ወደፊት ይገፋል፣ ራስ ግን ባለበት ይቀራል። ግራወርና ፓንጃቢ በ1997 የአስከሬን አንገት ተንሸራታች ጋሪ ላይ ገጥመው ይህን ሲመስሉት አንገቱ መጀመሪያ የእባቡን ቅርጽ ሠራ፤ ከታች ወደኋላ፣ ከላይ ወደፊት። የታችኞቹ መገጣጠሚያዎች ከሚችሉት በላይ ወደኋላ ተከፈቱ። ከዚያ በፊት ጉዳቱ የሚመጣው ራስ ሙሉ በሙሉ ወደኋላ ሲወረወር ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የንጹሕ ሞመንትን መንገድ የጠረጉት ሰው ራሳቸው መንገዱን ሲተዉት ነው ይህን ያዩት።

እዚህ ላይ አስከሬኑ ለምን ታማኝ ሆነ? ሁሉም ነገር የሚያልቀው አንድ አሥረኛ ሰኮንድ ገደማ ውስጥ ነው፤ ያልጠበቀ ሰው ጡንቻ ነቅቶ ሙሉ ጉልበቱን እስኪያወጣ የእባቡ ቅርጽ መጥቶ አልፏል። ለዚያች ቅጽበት ሕያው አንገትም እንደ አስከሬን ነው ማለት ይቻላል። እንቅስቃሴው በፈጠነ ቁጥር ላብራቶሪው ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ በዘገየና ሰውየው በፈቀደው ቁጥር ይርቃል። እስክስታና ውሃ መሸከም ሩቁ ዳር ላይ ናቸው።

የመኪና አሻንጉሊት ሰዎችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። በ1976 የወጣው ሃይብሪድ 3 አንገቱ ጎማና አሉሚኒየም ሆኖ መካከሉ ላይ የብረት ገመድ አለው፤ የተሠራው በዋናነት ለፊት ለፊት ግጭት ነው። ለኋላ ግጭት ግን ግትር ሆኖ ተገኘ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ስዊድን ውስጥ እንደ ሰው 24 የአከርካሪ አጥንት ያለው ባዮሪድ የተሠራው ለዚህ ነው። እዚያ መለኪያው ተቀየረ፣ የራስ መደገፊያውም አብሮ ተሻሻለ። እኛ ጋ ደግሞ የባጃጅ የኋላ መቀመጫ የራስ መደገፊያ የሚባል ነገር የለውም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ስልካችሁ የሚያየውና የማያየው

«እንግዲያው ላብራቶሪውን ትተን ሜዳ ወርደን እንለካ» ማለት ቀላል ነው። እስቲ ሞክሩት። ስልካችሁ ውስጥ የማዘንበል ሴንሰር አለ፤ ነጻ መተግበሪያ ጫኑና ስልኩን በሻሽ ግንባራችሁ ላይ እሰሩት። ወደ ጎን አዘንብሉ፣ ዲግሪውን ያሳያችኋል። አሁን እስክስታ ሞክሩ፣ ራሳችሁን ቀጥ እንዳለ አንሸራቱ። በደንብ ከቻላችሁበት የማዘንበሉ ቁጥር ዜሮ አካባቢ ይቆያል! ሁለተኛ ስልክ ደረታችሁ ላይ ብታስሩም እንዲሁ። በሁለቱ ስልኮች መካከል ያሉት ሰባት አጥንቶች ወደዚህም ወደዚያም ተጣጥፈዋል፣ ሴንሰሩ ግን «ምንም አልሆነም» ይላል።

ስለዚህ ሜዳውም ዕውር የሚሆንበት ቦታ አለው። አጥንቱን በሕያው ሰው ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ለማየት በሁለት አቅጣጫ በፍጥነት የሚያነሳ ኤክስሬይ ያስፈልጋል፤ የፒትስበርጉ አንደርስትና ባልደረቦቹ በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ለእንቅስቃሴው የሚያዋጣው ድርሻ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። በንጹሕ ሞመንት አስተሳሰብ ላደገ ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው። ይህ መሣሪያ ግን ውድ ነው፣ ጨረር አለው፣ እንሰት ሥር ይዛችሁት አትሄዱም።

አንድ ሌላ ስሕተትም ከወዲሁ ልንቃወመው የሚገባ ይመስለኛል። አንዳንድ ሰው «የገጠር አንገት ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጠንካራ ነው፣ የታመመው የከተማ አንገት ነው» ይላል። የኮንጎዎቹ ኤክስሬዮች ይህን አይደግፉም። ጊርና ባልደረቦቿም በ2018 በደቡብ አፍሪካ፣ በጋናና በቬትናም ባወጡት ጥናት ውሃ መሸከምን ከሕመም ጋር ተያይዞ አግኝተውታል። የተለመደ እንቅስቃሴ ማለት የማይጎዳ እንቅስቃሴ ማለት አይደለም። ሐኪም ቤት ሄዳ «ከባድ አትሸከሚ» ተብላ ለምትመለሰው እናትም ምክሩ ብዙ አይረዳም፤ ቧንቧው ደጇ ድረስ እስካልመጣ ድረስ ነገ ጠዋት መሸከሟ አይቀርም። የሚረዳት ገመዱ የት ቢያልፍ፣ ጀሪካኑ ከፍ ወይስ ዝቅ ቢል የታችኛው አንገቷ እንደሚቀልለው የሚናገር ቁጥር ነው።

ያን ቁጥር ለማግኘት ሁለቱም ወገን ያስፈልጋል፤ ቅደም ተከተሉ ግን መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ ሆመቾ ላይ፦ የደረትና የራስ አቀማመጥ በርካሽ ሴንሰር፣ የማጅራት ጡንቻ ሥራ በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ፣ የጀሪካኑ ክብደት በሚዛን፣ የመንገዱ ርዝመትና ዳገቱ። ይህ የአንድ ማስተርስ ተማሪ በጀት ይችለዋል። ሆሳዕና ላይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልም እዚያው ነው፤ መሣሪያውን ይዞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚያ ያንን አቀማመጥ ወደ ላብራቶሪ መላክ። በስድስት አቅጣጫ መንቀሳቀስ የሚችሉ ሮቦቶች አሉ፤ ራስን ሳያዘነብሉ ማንሸራተትም፣ ከላይ ወደኋላ ከታች ወደፊት ማጠፍም ያውቃሉ፣ ጫናውንም አብረው ይሰጣሉ። እስካሁን የጎደለው የሮቦቱ ችሎታ ሳይሆን የምንሰጠው ትእዛዝ ነው፤ 7.5 ዲግሪ፣ 6 ዲግሪ፣ 4 ዲግሪ ብለን ነው የምናዘው። «ሃያ ሊትር በጀርባ፣ ዳገት፣ አገጭ ቀና» የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ የሚችለው ያንን መንገድ የሄደ ሰው ነው።